አዲስ አበባ መሃል የሚያልፉ ብርቅ ስደተኛ ወፎችን እንዴት አይተን እንመዝግብ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት

የአውሮፓንና የእስያን ብርድ ሸሽተው እኛ ጋ እና ከኛ በታች ኬንያ ታንዛኒያ ምናምን የከረሙ ወፎች ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት አጋማሽ ወደ መራቢያቸው ይመለሳሉ፣ ፈረንጆቹ ስፕሪንግ ማይግሬሽን የሚሉት ነው፣ እኛ ጋ በልግ ስለሆነ ዝናቡና የወፎቹ ጉዞ አብሮ ነው ሚመጣው። ብዙ ሰው ይሄን ለማየት ዝዋይ ወይም አብጃታ መሄድ ያለበት ይመስለዋል። ግን ጉዞው ፒያሳና አራት ኪሎ ላይም ያልፋል፣ ሥላሴ ግቢ ያሉት ጥዶች ላይ ያርፋሉ፣ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ወዳጅነት ፓርክ ሳር ላይ፣ ቀበና ወንዝ ዳር፣ ዛፍ ያለበት የግለሰብ ግቢም ሳይቀር። የሚያያቸው ሰው ስለሌለ ነው የሌሉ የሚመስለው።

እዚህ ምጽፈው በየሳምንቱ "እንዲህ ያለ ወፍ አየሁ ምንድነው?" ብለው ለሚጠይቁኝ ሰዎች ነው፣ ደረጃ በደረጃ። ከመጀመሪያው አንድ ነገር ልበል፣ ብርቅ ወፍ አይቶ ስሙን መጥራት ትንሹ ሥራ ነው። ትልቁ ሥራ እዛ ያልነበረ ሌላ ሰው ሊያምነው በሚችል መልኩ መያዝ ነው፣ ስለዚህ መመሪያው በሙሉ ወደዛ ነው ሚሄደው።

1. መጀመሪያ የሰፈራችሁን ወፎች እወቁ

ይሄን ዘለው ወደ ብርቁ የሚሮጡ ሰዎች አሉ፣ አይሠራም። የየቀኑን ካላወቃችሁ እንግዳውን የምትለዩበት ነገር የላችሁም። አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት ተመዝግቧል፣ ደስ ሚለው ነገር መሃል ከተማ ላይ በየቀኑ ምታዩት ሃያ ቢሆን ነው፣ ያን ሃያ በደንብ ማወቅ ደሞ ለማንም ሰው ይቻላል።

በዚህ ጀምሩ። ሰማይ ላይ ሁሌ ምትዞረዋ ጭራዋ መሃሉ ገባ ያለው ጭልፊት፣ ትልቁ ወፍራም መንቁር ያለውና ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ፣ ጠዋትና ማታ እየጮኸ በቡድን የሚያልፈው ረጅም ጎበጥ ያለ መንቁር ያለው ዋትልድ አይቢስ፣ ጣሪያ ላይ ምታርፈው አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት ያላት እርግብ፣ ጠቆር ያለችው ዋኖስ፣ ረጅም ጭራ ይዘው ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሚዘሉት ማውስበርዶች፣ ግቢ ውስጥ ጠዋት በጣም አሳምሮ ሚዘምረው ነጭ ቅንድብ ያለው ሮቢን ቻት፣ አበባ ላይ ምትንጠለጠለው ታካዜ ሰንበርድ፣ ግድግዳ ሥር እህል ምትለቅመው ትንሿ ቡናማ ሲድኢተር። በተለይ ግራጫ ቡናማ የሆነችውንና ፈዛዛ ቢጫ ዓይን ያላትን ስሌቲ ፍላይካቸር ጠንቅቃችሁ እወቋት፣ በኋላ ትፈልጓታላችሁ።

እንዴት? አንድ ቦታ ምረጡ፣ በረንዳም ቢሆን ይበቃል፣ እዛው ቦታ በተመሳሳይ ሰዓት ለሁለት ሳምንት ያህል እየተቀመጡ ማየት ነው። ቦታ መቀያየር ለጀማሪ አይጠቅምም። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ ደሞ የእንስሳት ሙዚየም አለ፣ ወፎቹ ስለማይንቀሳቀሱ መንቁርና እግር ቀረብ ብሎ ለማጥናት የሚሆን ሌላ ቦታ አላውቅም፣ ክፍት መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቃችሁ ሂዱ።

2. ዕቃ

ባይኖኩላር ካገኛችሁ 8 በ42 ወይም 8 በ32 የሚለውን ውሰዱ። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል ነው፣ ሁለተኛው ቁጥር የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው፣ ሰፋ ሲል በደብዘዝ ያለ ብርሃንም ያሳያል። ሰላሳ እጥፍ ያቀርባል ተብሎ ሚሸጠውን ትንሽዬ ነገር አትግዙ፣ ብዙ ባቀረበ ቁጥር የእጃችሁን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል፣ ሚያሳየው ቦታም ጠባብ ስለሆነ ወፏን እስክታገኟት ትሄዳለች። ከዛ ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ፣ እርሳስ ያልኩት በዝናብ ስለማይፈስ ነው።

ስልካችሁ ላይ ሁለት አፖች ጫኑ፣ ሜርሊንና ኢበርድ። ሁለቱም የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፍ ጥናት ላብራቶሪ ሚያዘጋጃቸው ናቸው፣ በነፃ ነው። ሜርሊን ወፏን ለመለየት ያግዛል፣ ኢበርድ መመዝገቢያው ነው። ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሆናችሁ የኢትዮጵያን ወፎች ፓኬጅ አስቀድማችሁ አውርዱ፣ ሜዳ ላይ ሆኖ በዳታ ማውረድ ገንዘብም ጊዜም ይበላል፣ ኔትወርክም ላይኖር ይችላል።

3. ሰዓትና አየር

ትናንሾቹ ወፎች አብዛኞቹ ሌሊት ነው ሚበሩት፣ ሊነጋ ሲል ያገኙት ዛፍ ላይ ያርፋሉ፣ ደክሟቸውና ርቧቸው ስለሆነ ሚያርፉት የመጀመሪያውን ሰዓት ሁለት ሰዓት ሳያቋርጡ ይበላሉ። ስለዚህ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ነው ዋናው፣ ከዛ በኋላ ቅጠል ውስጥ ገብተው ዝም ይላሉ። ሌሊት ዝናብ ጥሎ ጠዋት ካባራ ሥራ ቢኖራችሁም ትንሽ ቀደም ብላችሁ ውጡ። ዝናብና ጉም በረራቸውን ያቋርጥባቸዋል፣ ሊያልፉን የነበሩት ሁሉ ወርደው ያድራሉ፣ በሌላ ቀን አንድም ያልነበረበት ዛፍ ላይ አራት ዓይነት ልታገኙ ትችላላችሁ።

ትልልቆቹ ግን ተቃራኒ ናቸው። ንስርና ሽመላ ክንፋቸውን እያርገበገቡ ረጅም መንገድ መሄድ ስለሚከብዳቸው ምድር ሞቆ ወደ ላይ የሚነሳ አየር ይጠብቃሉ፣ እሱ ላይ እየዞሩ ከፍ ይሉና ከዛ ተንሸራተው ይሄዳሉ። ስለዚህ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት አንገታችሁን ቀና አድርጉ። ባሕር ላይ እንዲህ ዓይነት አየር ስለሌለ ሰፊ ውሃ አይደፍሩም፣ ጠባብ መሻገሪያ ፈልገው ነው ሚያልፉት። ስቴፕ ኢግል የምትባለው ንስር ስትመጣ በብዛት በባብ ኤል መንደብ ከየመን ወደ ጅቡቲ ትሻገራለች፣ ስትመለስ ደሞ አብዛኞቹ ወደ ሰሜን ሄደው በግብፅ በሱዌዝ በኩል ነው ሚያልፉት። የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር እንዲህ ለሚንሳፈፉ ትልልቅ ወፎች ከዓለም ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነው፣ እኛ ደሞ አፋፉ ላይ ነው ያለነው።

4. ቦታ፣ እና ፈቃድ

ይሄ ክፍል በተለይ መሃል ከተማ ላይ በጣም ወሳኝ ነው። ባይኖኩላር ይዞ መሃል አዲስ አበባ መቆም ጥያቄ ያስነሳል፣ መነሳቱም አይገርምም። ቤተ መንግሥት፣ ኤምባሲ፣ ወታደር ያለበት ግቢ፣ መሥሪያ ቤት አካባቢ ባይኖኩላርም ካሜራም አታውጡ፣ ወፏ የፈለገ ብርቅ ብትሆን እለፏት። ሌላው ቦታ ላይ አስቀድሞ መጠየቅ ነው፣ ዘበኛው ሳይመጣ እናንተ ሂዱ። እኔ ሁሌ ምለው ይሄን ነው፣ "ጋሼ እንደምን አደሩ፣ እዛ ዛፍ ላይ ያሉትን ወፎች ለማየት ነው፣ ይፈቀዳል?" "ወፍ? ምን ያደርግልሻል ልጄ?" "ከሩቅ አገር ሚመጡ አሉ፣ እነሱን ልመዘግብ ነው፣ ይኸው እርሶም ይዩ" ብዬ ባይኖኩላሩን እሰጣቸዋለሁ። አንዴ ካዩ በኋላ ብዙዎቹ "ትናንት ማታ እዛ ጋ አንድ ቢጫ ነገር ነበረች" እያሉ ራሳቸው ይነግሯችኋል። ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሚውል ሰው የሚያየውን ያህል እኛ አናይም፣ ስለዚህ ጠይቋቸው፣ አክብሯቸው።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ላይ ያረጁ ጥድ፣ ወይራና ሾላ ዛፎች ስላሉ ጥሩ ነው፣ ግን ቅዳሴ ሰዓት ላይ ባይኖኩላር ይዞ መዞር አይገባም። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ፣ የሚመለከተውን አባት አስፈቅዳችሁ፣ ነጠላ ለብሳችሁ፣ ሰው ላይ ሳታነጣጥሩ። ስድስት ኪሎ መግቢያው ላይ መታወቂያ ይጠይቃሉ፣ ምን ልታደርጉ እንደሆነ በግልጽ ተናገሩ። ወዳጅነት ፓርክ ውሃውም ሳሩም ስላለ ለመጋቢት በጣም ጥሩ ነው፣ በር ሚከፈትበትን ሰዓት ጠይቁ። ለትልልቆቹ ደሞ ሰማይ ሰፋ ብሎ ሚታይበት ፎቅ ጣሪያ ይሻላል፣ የራሳችሁ ኮንዶሚኒየም ጣሪያ ከሆነ ማንንም አትረብሹም። ቄራ አቅጣጫ ብታዩ ጥንብ አንሳና ጭልፊት ሁሌ ስለሚሰበሰብ አንዳንዴ መሃላቸው ስቴፕ ኢግል ይቀላቀላል።

ወንዝ ዳር ብቻችሁን በጨለማ አትሂዱ። ይሄን ያህል ይበቃል።

5. ምን እንጠብቅ፣ ከምን እንለይ

ቢጫ ዋግቴይል በጣም ስለምወዳት ከሷ ልጀምር። ሳር ላይ ምትሮጥ፣ ጭራዋን ወደ ላይና ወደ ታች ምትንጥ፣ ክብደቷ ሀያ ግራም እንኳ የማይሞላ ወፍ ናት። ኅዳር ላይ ብታዩዋት ደብዘዝ ያለች ነች፣ መጋቢት ላይ ግን ወንዶቹ የመራቢያ ላባቸውን አውጥተው ሆዳቸው ደማቅ ቢጫ ይሆናል። እዚህ ጋ ነው ጨዋታው፣ ጭንቅላታቸውን እዩ። ጭንቅላቱ ጥቁር የሆነው ከባልካንና ከቱርክ አካባቢ ያለው ዘር ነው፣ ሰማያዊ ግራጫ ሆኖ ነጭ ቅንድብ ያለው የመካከለኛው አውሮፓ፣ ጠቆር ያለ ግራጫ ሆኖ ቅንድብ የሌለው የስካንዲኔቪያ፣ ጭንቅላቱም ሙሉ ቢጫ የሆነው ከቮልጋና ከካዛኪስታን በኩል ነው። አንድ ሜዳ ላይ ሁለትና ሦስት ዓይነት አብረው ሊሮጡ ይችላሉ፣ ስለዚህ "ቢጫ ዋግቴይል 12" ብሎ ብቻ ከመጻፍ የስንቱ ጭንቅላት ምን እንደሚመስል ጻፉ። ከብትና በግ እግር ሥር የሚነሱትን ነፍሳት ስለሚለቅሙ ለፋሲካ በግ ሚሸጥበት ሜዳ ላይ እነሱም አይጠፉም፣ በግ ልትገዙ ስትሄዱ ወደ መሬት አንዴ እዩ። ከሷ ጋር ምትምታታው ነጭና ጥቁሯ ወይም ግራጫዋ ዋግቴይል ናት፣ ግራጫዋም ታች ቢጫ አላት፣ ግን ጀርባዋ ግራጫ ነው፣ ጭራዋም በጣም ረጅም ነው፣ ውሃ ዳር ነው ምትገኘው።

ብላክካፕ ብርቅ አይደለችም፣ ብርቅ ብለው ሚልኩልኝ ግን ብዙ ናቸው። ወንዱ ጥቁር ቆብ፣ ሴቷ ቀይ ቡናማ ቆብ አላቸው፣ ሰው ሁለቱን ሁለት ዓይነት ወፍ ያደርጋቸዋል። ሾላና ወይራ ፍሬ ላይ አሉ። መጋቢት ላይ ከመሄዳቸው በፊት ቀስ ብለው መዘመር ይጀምራሉ፣ መስማት ተገቢ ነው።

ከሷ ጋር ቅጠል ውስጥ ምትቅበዘበዘው አረንጓዴ ቢጫ ትንሽ ወፍ ዊሎው ዋርብለር ወይም ቺፍቻፍ ናት። እግር እዩ። ቺፍቻፍ እግሯ ጥቁር ነው፣ ስትበላ ጭራዋን ደጋግማ ወደ ታች ትደፋለች። ዊሎው እግሯ ፈዘዝ ያለ ነው፣ ሆዷም ይበልጥ ቢጫ ይላል። አሥር ግራም ገደማ ምትመዝን ነገር እስከ ስካንዲኔቪያና ሳይቤሪያ ነው ምትሄደው። እግሯን ካላያችሁ ስም አትስጧት፣ ኢበርድ ላይ ሁለቱንም የሚያጠቃልል አማራጭ አለ፣ እሱን ምረጡ።

ሬድስታርት። ጭራው ዝገት ቀይ ነው፣ ሁሌ ይንቀጠቀጣል፣ አያርፍም። ወንዱ ፊቱ ጥቁር ግንባሩ ነጭ ነው። ከሮቢን ቻት ጋር ሚምታታው ቀይ ጭራ ስላላቸው ነው፣ ሮቢን ቻት በጣም ትልቅ ነው፣ ሆዱ ከላይ እስከ ታች ብርቱካናማ ነው፣ ነጭ ቅንድቡም ከሩቅ ይታያል።

ስፖትድ ፍላይካቸር ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው ምታልፈው። ገላጣ ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች፣ ነፍሳት ለመያዝ ትወጣና እዛው ቅርንጫፍ ላይ ትመለሳለች። እዚህ ነው ስሌቲ ፍላይካቸርን እወቁ ያልኩት፣ የኛዋ ደረቷ ምንም መስመር የለውም ዓይኗ ግን ፈዛዛ ቢጫ ነው፣ እንግዳዋ ግንባሯና ደረቷ ላይ ቀጫጭን መስመሮች አሏት። በፀሐይ ተቃራኒ ካያችኋት ሁለቱም ጥላ ነው ሚሆኑት፣ ዞራችሁ ፀሐይን ከጀርባ አድርጉ።

ጎልደን ኦርዮል ብዙ ሰው ማየት ሚመኛት ናት። ወንዱ ሙሉ ቢጫ፣ ክንፉ ጥቁር፣ ከመንቁሩ እስከ ዓይኑ ጥቁር መስመር። ጭንቅላቷ ሙሉ በሙሉ ጥቁር የሆነ ዘመዷ አገራችን ጫካ ውስጥ ነዋሪ ናት፣ ስለዚህ ቢጫ ነበረች ማለት ብቻ አይበቃም፣ ጭንቅላቷ ምን ዓይነት ነበር ነው ጥያቄው። ራይኔክ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፣ የግንድ ቅርፊት ዓይነት ቀለም ያላት አንገቷን ምትጠማዝዝ ወፍ ናት፣ የኛ ነዋሪዋ ጉሮሮዋ ቀይ ቡናማ ነው፣ ከአውሮፓና ከእስያ ምትመጣው ጉሮሮዋ ቀጫጭን መስመር ያለበት ፈዛዛ ነው።

ንብ በል ከመታየቷ በፊት ድምፅዋ ነው ሚሰማው፣ ከፍ ብላ በቡድን "ፕሪዩት ፕሪዩት" እያለች ታልፋለች፣ ያኔ ሥራችሁን አቁማችሁ ቀና በሉ። የአውሮፓዋ ጉሮሮዋ ቢጫ ጀርባዋ ቡናማና ወርቅማ ነው፣ ደጋችን ላይ ያለችው ነዋሪዋ ጀርባዋ አረንጓዴ ነው።

ንስር ላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። ስቴፕ ኢግል ከጭልፊት በጣም ትበልጣለች፣ ጭራዋ መሃሉ የተከፈለ አይደለም፣ ወጣቶቹ ከታች ሲታዩ ክንፋቸው መሃል ላይ ሰፊ ነጭ መስመር አላቸው። ተቀምጣ ካገኛችኋት የአፏን ዳር እዩ፣ ቢጫው መስመር እስከ ዓይኗ ኋለኛ ጫፍ ከደረሰ ስቴፕ ናት፣ ዓይኗ መሃል ላይ ካቆመ እዚሁ ነዋሪ የሆነችው ቶውኒ ኢግል ናት። ይቺ ስቴፕ ኢግል ከ2015 ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ናት፣ ስለዚህ እያንዳንዱ መዝገብ ዋጋ አለው፣ ወጣት ይሁን አዋቂ ብትጽፉ ደሞ የበለጠ። ጭልፊት ላይ አንድ ማሳሰቢያ፣ የኛዋ አዋቂዋ መንቁሯ ቢጫ ነው፣ እንግዳዋ ብላክ ካይት መንቁሯ ጥቁር ነው፣ ግን የኛዋም ልጆቿ ጠቆር ያለ መንቁር አላቸው። መንቁር ብቻ አይታችሁ አትወስኑ፣ የጭንቅላት ቀለሟ ወደ ግራጫ ይሄዳል ወይ የሚለውን ጨምሩ።

ሽመላ በመጋቢት በቡድን እየዞረች ካያችሁ ቁጠሩ፣ ነቢዩ ኤርምያስም ጊዜዋን ታውቃለች ብሎ የመሰከረላት ናት። ጥቁር ሆና ሆዷና የጀርባዋ ታችኛው ክፍል ነጭ ከሆነ ግን አውሮፓ አትሄድም፣ እሷ ዝናብ እየተከተለች አፍሪካ ውስጥ ምትዘዋወረው አብዲምስ ስቶርክ ናት።

6. ወፏ ፊታችሁ ስትሆን ምን ታደርጋላችሁ

ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው፣ አታዘዋውሩት። መጀመሪያ እዩ፣ ስልክ አታውጡ፣ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እዩ። መንቁር፣ ጭንቅላት፣ ደረት፣ ክንፍ፣ ጭራ፣ እግር፣ ከፊት ወደ ኋላ። ሁለተኛ የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ክፍት አድርጋችሁ ያያችሁትን በቃል ተናገሩ፣ ዓይናችሁ ወፏ ላይ እያለ። ይሄ ሌላም ጥቅም አለው፣ ወፏ ብትጮህ ድምፅዋም አብሮ ይቀዳል። ሦስተኛ ፎቶ፣ የስልኩን ካሜራ ባይኖኩላሩ ዓይን ላይ ለጥፋችሁ ማንሳት ይቻላል፣ ጣት በሁለቱ መሃል አድርጋችሁ ብትይዙት አይንቀጠቀጥም፣ ደብዛዛም ቢሆን ማስረጃ ነው። መጨረሻ ላይ ነው ሜርሊንና መጽሐፍ ሚከፈተው። ስሙን አስቀድሞ የከፈተ ሰው ያላየውን ያያል፣ አፑ ላይ ያለው ፎቶ ትዝታችሁ ውስጥ ገብቶ ያያችሁትን ይቀይረዋል። ሜርሊን በድምፅ "ይቺ ናት" ቢላችሁም ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፣ ወፏን በዓይን ፈልጓት።

ጥሩ ማስታወሻ ምን ይመስላል? ለምሳሌ እንዲህ ቢጻፍ፣ "መጋቢት 27፣ ከጠዋቱ 1፡10፣ ስድስት ኪሎ ግቢ፣ የሾላ ዛፍ የላይኛው ሲሶ ላይ፣ ርቀት 20 ሜትር፣ ፀሐይ ከጀርባዬ። ከዋኖስ ትንሽ ያነሰች። ሙሉ ቢጫ፣ ክንፍ ጥቁር፣ ጭራ ጥቁር ሆኖ ጫፉ ዳር ቢጫ፣ ጭንቅላት ቢጫ፣ ከመንቁር እስከ ዓይን ጥቁር መስመር፣ መንቁር ሮዝ ቀይ። ፍሬ ስትበላ 4 ደቂቃ አየኋት። ድምፅ አልሰማሁም።" ይሄን ያነበበ ሰው ወፏ ምን እንደሆነች ስሟ ሳይጻፍ ያውቃል። "ጎልደን ኦርዮል አየሁ፣ በጣም ታምራለች" የሚለውን ያነበበ ግን ምንም አያውቅም። ያላያችሁትንም ጻፉ፣ እግሯን አላየሁም ብሎ መጻፍ የማስታወሻውን እምነት ይጨምራል።

7. መመዝገብ

ኢበርድ ላይ ዝርዝር ስትከፍቱ አፑ ሰዓቱንም ቦታውንም ራሱ ይይዛል፣ ችግሩ ከደብተር በኋላ ስታስገቡ ነው። ሰዓታችንና ካሌንደራችን። ከላይ ያለው መጋቢት 27 ከጠዋቱ 1፡10 ኢበርድ ላይ ኤፕሪል 5፣ 7፡10 ከጠዋቱ ነው ሚሆነው። 1፡10 ብላችሁ ካስገባችሁት ወፏ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ፍሬ ስትበላ ታየች ማለት ነው፣ ኢበርድ ላይ የሚገባውን መዝገብ የሚያጣራው ሰው ደሞ ወዲያው ይጠራጠራችኋል፣ ልክም ነው። መጋቢት 1 ማርች 10፣ ሚያዝያ 1 ኤፕሪል 9፣ ግንቦት 1 ሜይ 9 ነው፣ ደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉት።

ያያችሁትን ወፍ ሁሉ አስገቡ፣ ብርቋን ብቻ አይደለም። ጭልፊት 15፣ ቁራ 4፣ ዋኖስ 9፣ ሁሉም ይግባ። ብርቅ ወፍ ብቻ ያለበት ዝርዝር አጣሪውን ያስቸግረዋል፣ ሙሉ ዝርዝር ግን ሰውየው የሚያየውን እንደሚያውቅ ያሳያል፣ ለጥናትም ሚጠቅመው እሱ ነው። ቁጥር ካልቆጠራችሁ ግምት አስቀምጡ።

ለወቅቱ ወይም ለቦታው ያልተለመደ ወፍ ስታስገቡ ሲስተሙ ምልክት ያደርግበትና ማብራሪያ ይጠይቃል። እዛ ላይ የድምፅ ማስታወሻችሁን ወደ ጽሑፍ ቀይራችሁ አስገቡ፣ ፎቶውን ጨምሩ። ከዛ በኋላ አጣሪው በኢሜይል ሊጠይቃችሁ ይችላል። አትቀየሙ፣ ሁሉንም ነው ሚጠይቁት፣ ትልልቅ ባለሙያዎችንም። ያላችሁን መልሱ፣ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ወደ ሰፋ ያለ ስም ቀይሩት፣ "ንስር፣ ዓይነቱ ያልታወቀ" የሚል ትክክለኛ መዝገብ ከተሳሳተ ስቴፕ ኢግል በብዙ ይበልጣል።

8. የሌሎችን የሰሞኑ ዕይታ መከታተል

ኢበርድ ላይ አዲስ አበባን መርጣችሁ የቅርብ ጊዜ ዕይታዎችን ማየት ይቻላል፣ ብርቅ ወፎችን ብቻ ሚያሳውቅ አለርትም አለ፣ በኢሜይል ይመጣል። አንድ ዕይታ ስታዩ ሦስት ነገር ፈትሹ፣ ማብራሪያ አለው ወይ፣ ፎቶ ወይም ድምፅ አለው ወይ፣ ቦታው ትክክል ነው ወይ። ብዙ አስጎብኚዎችና ቱሪስቶች የቀኑን ሙሉ ዝርዝር በሆቴላቸው ስም ነው ሚያስገቡት፣ ጠዋት ሱሉልታ ያዩት ወፍ ካዛንቺስ ላይ ሊወጣ ይችላል። ርቀቱንና ሰዓቱን ካያችሁ ታውቁታላችሁ፣ 60 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ዝርዝር የመሃል ከተማ ዝርዝር አይደለም።

ከታመነበት በነጋታው ጠዋት ሂዱ። ስደተኛ ወፍ በልቶ እስኪጠግብ አንድ ሁለት ቀን ይቆያል፣ ሌሊቱ ጥርት ካለና ነፋሱ ከተመቸ ግን ያን ማታ ትሄዳለች፣ ስለዚህ ቅዳሜን አትጠብቁ። ስትሄዱ ሁለተኛ ማስረጃ ያዙ፣ ፈልጌ አጣኋት ብትሉም መዝግቡት፣ አለመኖሯም መረጃ ነው።

ድምፅ በስልክ እያጫወቱ ወፍ መጥራት ይቅር። ሺህ ኪሎ ሜትር ለመብረር ምትበላ ወፍ ያችን ጠዋት ፍለጋ ላይ ካባከነች ለሷ ኪሳራ ነው። ልጆች ወንጭፍ ይዘው ካያችሁ ከመቆጣት ባይኖኩላሩን ስጧቸው፣ ባይኖኩላር የያዘ ልጅ ወንጭፉን ይረሳዋል።

9. ቀለበት፣ እና መስታወት ላይ የተጋጩ

እግሯ ላይ ተመራማሪዎች ጉዞዋን ለመከታተል ያሰሩላት ብረት ወይም ባለቀለም ፕላስቲክ ቀለበት ያላት ወፍ ካያችሁ ያ ትልቅ ነገር ነው። ባለቀለም ከሆነ የትኛው እግር ላይ እንደሆነ፣ ቀለሙ፣ ፊደልና ቁጥሩ፣ ፎቶ በተለያየ አቅጣጫ። ብረቱ ላይ ብዙ ጊዜ የአገር ወይም የከተማ ስም አለ። ዩሪንግ የሚባለው የአውሮፓ ቀለበት ማዕከላት ኅብረት ድረ ገጽ ላይ ሪፖርት ይደረጋል፣ ቀለበቱ ወፏ ላይ የት መቼ እንደታሰረ መልሰው ይጽፉላችኋል።

መሃል ከተማ አሁን መስታወት የለበሰ ፎቅ ስለበዛ ጠዋት ሥራቸው የወደቀ ወፍ ይገኛል። በሕይወት ካለች ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፋችሁ፣ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አንድ ሁለት ሰዓት አቆዩዋት፣ ውሃ በግድ አታጠጧት፣ ከዛ ዛፍ ሥር ከፍታችሁ ተዉአት። ከሞተች በባዶ እጅ አትንኩ፣ ፌስታል እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ ክንፏን ዘርግታችሁ ከላይም ከታችም ፎቶ አንሱ፣ እግሯን እዩ። የየትኛው ሕንፃ የትኛው አቅጣጫ እንደሆነ ጻፉ፣ ተደጋግሞ አንድ ቦታ ከሆነ ለሕንፃው አስተዳደር ለመናገር ማስረጃ ይሆናችኋል።

ብቻችሁን መሥራት ከከበዳችሁ በ1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ፣ የዓለም አቀፉ የወፍ ጥበቃ ኅብረት የበርድላይፍ ኢንተርናሽናል አጋር ነው፣ አባል መሆን ይቻላል። ሜይ በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ ደሞ የዓለም ተሰዳጅ ወፎች ቀን ነው፣ ኢበርድም ግሎባል ቢግ ዴይ የሚለውን ቆጠራ ብዙ ጊዜ የዛን ቀን ነው ሚያደርገው፣ በኛ ሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ይውላል። ያን ቀን አሥር ደቂቃ በረንዳ ላይ ቆማችሁ ምታስገቡት ዝርዝር ይቆጠራል። ከዛ በኋላ አብዛኞቹ ሄደዋል፣ ስለዚህ ከግንቦት አጋማሽ በኋላ አንድ ዋግቴይል ወይም ብላክካፕ እንኳ ካያችሁ እንደ ብርቅ ቁጠሩትና ፎቶና ሙሉ ማብራሪያ ያዙ፣ መጋቢት ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያያት ወፍ ሰኔ ላይ ከተገኘች አጣሪው መጀመሪያ ሚጠይቀው ስለሷ ነው።